ስለ ግዴታ ውትድርና ምን እንበል?



«የግዴታ ውትድርና ተመልሶ ይምጣ ወይስ አይምጣ?» የሚለው ጥያቄ በለቅሶ ቤትም በሰንበቴም መካከል ይሰማል። አንዳንዶች ወጣቱን ሥርዓት ያስይዘዋል፤ ልዩ ልዩ ብሔረሰቦችን በአንድ ድንኳን ያሳድራል፤ ሸክሙም በድሃ ልጅ ላይ ብቻ እንዳይወድቅ ያደርጋል ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ያለፈውን አስታውሰው ቃሉን መስማት እንኳ ይከብዳቸዋል። ሁለቱም ወገኖች ያላቸው ምክንያት ቀላል አይደለም። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን በመጀመሪያ የሀገራችንን ታሪክ፣ ቀጥሎ ቅዱሳት መጻሕፍትንና የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት፣ በመጨረሻም ዛሬ ልንይዘው የሚገባንን አቋም እንመለከታለን።

1. ከቢቸናና ከሞጣ የምንማረው

ፋሽስት ኢጣልያ ሀገራችንን በወረረችበት ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ በቢቸናና በዓባይ በረሃ አካባቢ በላይ ዘለቀ (አባ ኮስትር) እየመራቸው የተዋጉት አርበኞች ደመወዝ የሚከፍላቸው አልነበረም። ስማቸውን በመዝገብ ጽፎ የሚጠራቸው መንግሥትም በአካባቢው አልነበረም። ገበሬው ስንቁን ከቤቱ ቋጥሮ የወጣው የሚጠብቀው ነገር ምን እንደ ሆነ ስላወቀ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ግን የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች ገበሬዎች «መሬታችን ሊለካ፣ ርስታችን ሊወሰድ ነው» ብለው በመሥጋት እንቢ አሉ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ አገረ ገዥ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ፤ ግብሩም እንደ ታሰበው ሳይጸና ቀረ። ይህ ታሪክ ስለ ግብር እንጂ ስለ ውትድርና አይደለም። ነገር ግን ሳይወረር ለሀገሩ የዘመተ ሕዝብ የለም ብለን የምናልፈው ሳይሆን፣ ለሀገሩ ደሙን ያፈሰሰ ሕዝብ እንኳ ምክንያቱን ያላመነበትን ትእዛዝ እንደማይቀበል የሚያሳይ ነው።

ከዚህ በኋላ ደርግ በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅን አወጣ። አዋጁ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑትን ዜጎች ለ6 ወር ሥልጠናና ለ2 ዓመት አገልግሎት ያስገድድ ነበር። ከዚያም እስከ 50 ዓመት ድረስ በተጠባባቂነት ያቆያቸው ነበር። በወረቀት ላይ ሲነበብ ከሌሎች አገሮች ሕግ እምብዛም የተለየ አልነበረም። ልዩነቱ የታየው በአፈጻጸሙ ነው። ለየገበሬ ማኅበሩና ለየቀበሌው ኮታ ተመደበ። ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚወስኑት የሰፈር ሹማምንት ስለ ነበሩ ወገንተኝነትና ጉቦ ገባበት። ቁጥሩ ሲጎድል «አፈሳ» መጣ፤ ወጣቱ ከገበያና ከመንገድ ተለቅሞ ተወሰደ። በዚህ ምክንያት ብዙ ወጣቶች ጫካ ማደርን መረጡ፤ እርሻውም በሽማግሌና በሴት ትከሻ ላይ ወደቀ። ሄዶ ያልተመለሰውን ልጇን ሞቱን ሳትረዳ፣ እርሙንም ሳታወጣ የኖረች እናት በየመንደሩ ነበረች።

ሠራዊቱ በቁጥር ከሰሃራ በታች ካሉት እጅግ ግዙፍ ከሆኑት አንዱ ለመሆን በቃ። ሆኖም በመጋቢት 1980 ዓ.ም. አፍአበት ላይ ከባድ ሽንፈት ደረሰበት፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም.ም ተበተነ። የቁጥር ብዛት ብቻውን ሀገርን እንደማያጸና ከዚህ እንረዳለን።

2. የቅዱሳት መጻሕፍት ምስክርነት

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 20 ስለ ዘመቻ የተሰጠ ሕግ አለ። ሹማምንቱ ሕዝቡን ወደ ጦርነት ከመምራታቸው በፊት አዲስ ቤት ሠርቶ ያልገባበትን፣ ወይን ተክሎ ፍሬውን ያልቀመሰውን፣ ልጃገረድ አጭቶ ያላገባትን፣ ልቡም የፈራውን ሁሉ ወደ ቤታቸው እንዲመልሱ ታዘዋል። ልብ እንበል! ፈሪው እንኳ አልተደበደበም፤ ተሰናበተ እንጂ። በሌላ በኩል ነቢዩ ሳሙኤል (1ኛ ሳሙ. 8) ንጉሥ ይንገሥልን ላሉት ሰዎች፣ ንጉሡ ወንዶች ልጆቻቸውን ወስዶ ለሠረገላውና ለፈረሱ እንደሚያደርጋቸው አስጠንቅቋቸዋል።

በአዲስ ኪዳን መጥምቁ ዮሐንስ ምን እናድርግ ብለው የጠየቁትን ወታደሮች ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም። ማንንም እንዳይበድሉና ደመወዛቸው እንዲበቃቸው ግን አዘዛቸው (ሉቃ. 3)። ጌታችንም የመቶ አለቃውን እምነት አመስግኗል። እንግዲህ ወታደርነት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ይሁን እንጂ በዚችው በአፍሪካችን፣ በዛሬይቱ አልጄሪያ፣ ቅዱስ ማክሲሚልያኖስ የተባለ የ21 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ295 ለሮም ጦር ተመልምሎ ሳለ ክርስቲያን ነኝና አልዘምትም በማለቱ በሰይፍ ተቀልቷል። ቤተ ክርስቲያንም እርሱን በሰማዕትነት ስታከብር በዘመኑ በጦሩ ውስጥ የነበሩትን ክርስቲያኖች አላወገዘችም።

3. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2310 መንግሥት ለሀገር መከላከያ አስፈላጊ የሆነውን ግዴታ በዜጎች ላይ የመጣል መብትና ኃላፊነት እንዳለው ያስተምራል። በቁጥር 2311 ደግሞ ስለ ሕሊናቸው የጦር መሣሪያ ለማንሣት እንቢ ለሚሉት ሰዎች ፍትሐዊ አሠራር ሊዘጋጅ እንደሚገባ ይናገራል፤ እነርሱም ማኅበረሰቡን በሌላ መንገድ የማገልገል ግዴታ አለባቸው ይላል። 2ኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1965 ይህንኑ አስተምሯል። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች አንዱን ከሌላው ነጥለን ማስተማር አይገባንም።

4. ዛሬስ?

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን የግዴታ ውትድርናን አላወጀም። በአንቀጽ 18 ግን በሕሊናቸው ምክንያት ለማይዘምቱ ሰዎች ምትክ አገልግሎት ሊኖር እንደሚችል አመልክቷል። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ዕድሜያቸው የደረሰና መሣሪያ ያላቸውን ሰዎች ለወታደራዊ ግዳጅ ለማዘዝ የሚያስችል ሥልጣን ሰጥቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በኦሮሚያ ክልል አንዳንድ ከተሞች ወጣቶች ያለ ፈቃዳቸው ለውትድርና መያዛቸውንና ሕፃናትም በመካከላቸው መገኘታቸውን ገልጿል። በጎጃምም ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሣው ግጭት ወንድም በወንድሙ ላይ ቆሟል። የባዕድ ወራሪን መመከትና የእናትን ልጅ መግጠም ለሕሊና አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደሉም።

ከሌላው ዓለምም የምንማረው አለ። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ2010 ያቆመችውን የግዴታ አገልግሎት በ2017 ስትመልስ ሥራው በሕግና በምርጫ እንዲመራ አድርጋለች። በጎረቤታችን በኤርትራ ግን በ18 ወር የተወሰነው አገልግሎት ከ1990 ዓ.ም. የድንበር ጦርነት ወዲህ ለብዙዎች ማብቂያ የሌለው ሆኗል።

እንግዲህ መልሳችን ምንድን ነው? በ1970ዎቹ ዓመታት የታየው ዓይነት ተመልሶ እንዲመጣ የሚፈልግ ክርስቲያናዊ ሕሊና ሊኖር አይችልም እንላለን። ወደፊት ሕግ ይውጣ ቢባል ግን በእነዚህ አምስት ነገሮች እንመዝነው፦

ሀ) ዓላማው ሀገርን መከላከል ብቻ ይሁን፤
ለ) የሹም ልጅና የድሃ ልጅ በእኩል ይጠሩ፤
ሐ) ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፈጽሞ አይነካ፤
መ) የአገልግሎቱ መጨረሻ ቀን የታወቀ ይሁን፤ የሞተውም ለቤተሰቡ ይነገር፤
ሠ) ሕሊናው ለማይፈቅድለት ምትክ አገልግሎት ይኑር።

ምትክ አገልግሎት ለሀገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት፣ ያገለግሉ ነበር።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ! አንዲት እናት «ልጄን ልሸሽገውን?» ብላ ብትጠይቃችሁ በችኮላ አትመልሱላት። አፈሳ ሕግ አይደለምና ልጇን ከእርሱ መጠበቋ ኃጢአት እንዳልሆነ ንገሯት። ልጁ ወዶ ቢዘምት ደግሞ አትንቀፉት፤ የዮሐንስን ምክር አስታውሱት፤ ጸልዩለትም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በዘዳግም 20 የተሰናበቱት አራቱ ዓይነት ሰዎች በእኛ መንደር እነማን ናቸው?
2. ከደርግ ዘመን አፈሳ የተረፉ ሽማግሌዎች በቁምስናችሁ አሉን? ምን ይመክራሉ?
3. መሣሪያ ሳያነሡ ሀገርን ማገልገል በአካባቢያችን በምን ሥራ ይቻላል?