ብስክሌትዎ ቋ ቋ ሲል

ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚወጣው አስፋልት ብስክሌትን ይፈትናል። አቀበቱ ሲበረታ ብስክሌተኛው ከኮርቻው ተነስቶ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን ይረግጣል። ሜዳውን ዝም ብሎ የመጣው የኮርስ ብስክሌት «ቋ… ቋ…» ማለት የሚጀምረውም ያኔ ነው።

ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ቁልፍ ያነሳና ያገኘውን ብሎን ሁሉ ያጠብቃል። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። ድምፁ ቢጠፋ እንኳ መንስኤው የቱ እንደነበር ሳይታወቅ ይቀራል፤ ያለ ልክ የጠበቀ ብሎን ደግሞ ጥርሱ ይበላል። በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር በመሳተፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ጽጋቡ ግርማይ ሲጋልብ፣ መካኒክ የጫነ መኪና ከኋላው ይከተለው ነበር። ከጭሮ ወደ በዴሳ ወይም ወደ ሂርና ለብቻው የሚጓዝ ሰው ግን መካኒኩ ራሱ ነው። ስለዚህ ሥርዓት ያለው የፍለጋ ዘዴ ያስፈልገዋል።

የዘዴው መሠረት ይህ ነው። የብስክሌቱ ቴላዮ (ሌላው ክፍል ሁሉ የሚገጠምበት አካል) ባዶ ቱቦ ስለሆነ ድምፅን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ያደርሳል። ከኮርቻው ሥር የተነሳው ድምፅ ከፔዳሉ የመጣ ይመስላል፤ ከኋላው ጎማ የተነሳውም ከመሃል የወጣ ይመስላል። ጆሯችን ቦታውን ሊስት ይችላል፤ ጊዜውን ግን እምብዛም አይስትም። እንግዲህ «ከየት ነው?» ከማለታችን በፊት «መቼ ነው?» ብለን እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ይጠቡት፤ ይመርምሩትም። በበጋ የቆላው አቧራ፣ በክረምት የጨርጨር ደጋ ጭቃ በየመገጣጠሚያው ይገባል። ብስክሌቱን በሳሙና ውኃ ይጠቡ። ካቴናውን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍታ በረጠበ ጨርቅ አጽድተው ያድርቁ፤ በየአንጓው አንዳንድ ጠብታ ዘይት አድርገው ትርፉን ይጥረጉ። ብዙ ድምፅ በዚህ ብቻ ይጠፋል። እያጸዱ ሳለ የቴላዮውን ብየዳዎችና መጋጠሚያዎች በዓይንና በጥፍር ይፈትሹ፤ በተለይ ከመሪው ሥር፣ በመሃል ፐርኖው (የፔዳል ክንዶቹ በሚዞሩበት አክስል) ዙሪያና የፊት ጎማውን በያዘው ሹካ አናት ላይ። ቀለሙን የሰነጠቀ ቀጭን መስመር ወይም ከመስመር የወጣ ዝገት ካዩ ብስክሌቱን አይንዱት። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ የሚሰበር ሹካ ሕይወት ያጠፋል።

ሁለተኛ፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው ሳይበዛ፣ በማለዳ፣ ጸጥ ያለ ዳገት ይምረጡ። ሦስት ነገር ይሞክሩ። ቁልቁለቱን ፔዳል ሳይመቱ ይውረዱ፤ ድምፁ ከቀጠለ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ጎማዎቹ ጋ ነው። ከኋላው ሞዞ (ራጂዎቹ ከሚገናኙበት መሃል) የሚወጣው እኩል የሆነ «ትክትክትክ» ግን የጤና ነው፤ አይነካም። ቀጥሎ ዳገቱን አንዴ ተቀምጠው፣ አንዴ ቆመው ይውጡ። ሲቆሙ የሚጠፋ ድምፅ የኮርቻው ነው፤ ሲቆሙ የሚብስ ድምፅ የፔዳል፣ የመሃል ፐርኖ ወይም የመሪ ይሆናል። በመጨረሻ ለአጭር ርቀት በቀኝ እግር ብቻ፣ ከዚያም በግራ ብቻ ይርገጡ። በአንዱ እግር ብቻ የሚሰማ ከሆነ ፍለጋው በግማሽ ቀለለ።

ሦስተኛ፣ ይቁጠሩ። ድምፁ ፔዳሉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዴ፣ ሁልጊዜም በአንድ ቦታ ላይ ከመጣ ፔዳሉን፣ የፔዳሉን ክንድ ወይም መሃል ፐርኖውን ይጠርጥሩ። በየሁለትና ሦስት ዙሩ ከመጣ ካቴናው ነው። ለምሳሌ ካቴናው 108 አንጓ፣ የፊት ማርሹ 36 ጥርስ ቢኖረው፣ ካቴናው ዞሮ ወደ ቦታው የሚመለሰው ፔዳሉ 3 ጊዜ ሲዞር ነው። የተጣበቀ አንድ አንጓ በዚያ ልክ ይጮኻል። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚመጣ፣ ፍጥነት ሲጨምርም የሚፈጥን ድምፅ የጎማ ነው። በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ማርሽ መቀየሪያው መስተካከል አለበት።

አራተኛ፣ ጥገናውን ከቀላሉ ይጀምሩ።

ፔዳል፦ ዋነኛው ተጠርጣሪ ይህ ነው። ፈትተው ጥርሱን ያጽዱ፤ ግራሶ ቀብተው ይመልሱ። የግራው ፔዳል ጥርስ ከተለመደው ተቃራኒ ነው። እንዳይሳሳቱ አንድ ደንብ ይያዙ፦ ቁልፉን ከፔዳሉ በላይ ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙ፤ በሁለቱም በኩል ጫፉን ወደ ፊት ጎማው ሲገፉት ይጠብቃል፣ ወደ ኋላ ሲስቡት ይፈታል። የ20 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ ወደ 20 ኪሎ የሚሆን ጫና ይበቃል።

ክንድና መሃል ፐርኖ፦ ሁለቱን የፔዳል ክንዶች ይዘው ወደ ጎን ይወዝውዙ። አንዱ ብቻ ከተነቃነቀ ያ ክንድ ከፐርኖው ላይ ላልቷል፤ ሳያጠብቁ መንዳት ቀዳዳውን ይበላዋል። ሁለቱም አብረው ከተነቃነቁ ኩሽኔታው ነው። ኩሽኔታውን የያዙት ባለጥርስ ክዳኖች ደርቀው ከሆነ አውጥቶ፣ አጽድቶ፣ በግራሶ መመለስ ነው። በብዙ ብስክሌቶች የቀኙ ክዳን ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፤ በጣልያን ደረጃ በተሠሩት ግን ሁለቱም ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ። ይህን ሳይለዩ በኃይል አይግፉ። የፊት ማርሹን የያዙትን ትንንሽ ብሎኖችም ይፈትሹ።

ካቴና፦ ፔዳሉን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያዙሩና የማይታጠፈውን አንጓ ይፈልጉ፤ ዘይት አድርገው ግራና ቀኝ በእጅ እያጠፉ ያላሉት። ከዚያ በማስመሪያ 24 አንጓ ይለኩ። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306.5 ከደረሰ ቅያሪ ይፈልጉ፤ 308 ካለፈ የኋላውንም ማርሽ መብላት ጀምሯል።

ማርሽ መቀየሪያ፦ ካቦው ከሚገባበት ያለውን ማስተካከያ ከኋላ እያዩ ሩብ ዙር ወደ ግራ ቢያዞሩት ካቴናው ወደ ትልቁ ጥርስ፣ ወደ ቀኝ ቢያዞሩት ወደ ትንሹ ይጠጋል። ሩብ ዙር እየሰጡ ያድምጡ።

ጎማ፦ ራጂዎቹን እንደ ክራር ክር አንድ በአንድ ይንኩ፤ በአንድ ወገን ካሉት ተለይቶ ወፍራም ድምፅ የሚሰጠው የላላው ነው። ራጂዎቹ በሚነካኩበት ቦታ ትንሽ ጠብታ ዘይት ያድርጉ፤ ቸርኬውንና የፍሬን ሸራውን ግን ዘይት እንዳይነካቸው ይጠንቀቁ። የጎማው አክስል ከቴላዮው ጋር የሚነካካበትንም ገጽ አጽድተው በስሱ ግራሶ ይቀቡ።

ኮርቻና መሪ፦ የኮርቻውን ቱቦ አውጥተው ያጽዱ፤ ብረት ወይም አሉሚኒየም ከሆነ ግራሶ ይቀቡ። ካርቦን ከሆነ ግን ግራሶ አይነካውም፤ ተንሸራቶ ይወርዳል። የመሪውን ኩሽኔታ ለመፈተሽ የፊት ፍሬን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ፤ የሚላወስ ነገር እጅዎ ላይ ከተሰማ መስተካከል አለበት።

አምስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ፔዳሉን ካስተካከሉ ወደዚያው ዳገት ተመልሰው ይሞክሩ፤ ያላለቀ ከሆነ ወደ ቀጣዩ ይሂዱ። ሁለት ነገር አብረው ከነኩ የትኛው እንደፈወሰው አያውቁም፤ ድምፁ ሲመለስም ከዜሮ ይጀምራሉ። የሠሩትንና ያገኙትን በደብተር ይጻፉ።

ይህን ሁሉ አድርገው ድምፁ ቢቀር ጥሩ፤ ባይቀር ብስክሌቱን ከነደብተሩ ወደ መካኒክ ይውሰዱ። «ይጮኻል» ብቻ አይበሉት። «ዳገት ላይ ስቆም፣ ቀኝ እግሬ ወደ ታች ሲወርድ፣ በየዙሩ አንዴ ይጮኻል፤ ፔዳል ስተው ይጠፋል፤ ፔዳሉን ቀብቼ አልተለወጠም» ይበሉት። መካኒኩ ሥራውን ከመሃል ይጀምራል፤ የእርስዎ ጊዜም ገንዘብም ይተርፋል።