የአንጎል ሞገድና ንቃት

ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ አስተምሮ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጽሑፍ ለምን እንዳዘጋጀነው ይገባዋል። በማስተማር ልምምድ ላይ ሳለን ከመካከላችን አንዱ ዓይኑን ከድኖ የተቀመጠ ተማሪ አይቶ «ተኝተሃል፣ ውጣ!» አለው። ልጁም ወጣ። ኋላ ሲጠየቅ ግን ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሒሳብ በሐሳቡ እያሰላ ኖሯል፤ መልሱንም በትክክል ነገረን። አጠገቡ ዓይኑን አፍጥጦ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ አንድም ነገር አልሰማ! ነገሩ ስለከነከነን መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርን።

ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ የአእምሮ ሐኪም በዬና ከተማ በ1924 እ.ኤ.አ. የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ያሳተመው ግን በ1929 ነው። ብዙዎች ተጠራጥረውት ነበር፤ በ1934 ኤድሪያንና ማቲውስ በኬምብሪጅ ሙከራውን ደግመው አረጋገጡለት። መጠራጠራቸው አይገርምም። አንድ የባትሪ ድንጋይ 1.5 ቮልት ሲሰጥ፣ ይህ ሞገድ በራስ ቆዳ ላይ ሲለካ 50 ማይክሮቮልት፣ ማለትም የአንድ ቮልት 50 ሚሊዮንኛ ያህል ነው።

ሰው ሳይተኛ፣ ግን ዘና ብሎ ዓይኑን ሲከድን በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ከራሱ በስተኋላ ጎልቶ ይታያል፤ አልፋ ይባላል። ዓይኑን ሲገልጥ ይደክማል። ለእኛ የገረመን፣ ዓይኑን እንደከደነ በሐሳቡ ሒሳብ ቢሠራም አልፋው ሊቀንስ መቻሉ ነው። በሥራ የተያዘ አእምሮ ፈጠን ያለውን ቤታ ያሳያል። ማንቀላፋት ሲመጣ አልፋው ይጠፋና በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 የሆነው ቴታ ይተካዋል፤ በከባድ እንቅልፍ ደግሞ ትልልቁና ዘገምተኛው ዴልታ ይነግሣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ታዲያ ዓይኑ እንደተገለጠ ለጥቂት ሴኮንድ ቴታ ብቅ ሊልበት ይችላል። በዚያች ጊዜ የተነገረው ሁሉ ያመልጠዋል።

በ1949 ሞሩዚና ማጉን የድመትን የአንጎል ግንድ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሱ ዘገምተኛው ሞገድ ወዲያው ወደ ፈጣን ተለወጠ። ድንገተኛ ድምፅም ይህንኑ የንቃት መንገድ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ብንጮህ ተማሪው ይባንናል፤ ሌሊቱን ካልተኛ ግን ብዙ ሳይቆይ ይመለስበታል። የእንቅልፍ ዕዳ በኩርኩም አይከፈልም።

አሁን ጥያቄውን አስቀድመን፣ ሁሉም እንዲያስብ ትንሽ ቆይተን ነው ስም የምንጠራው። የተባረረውን ልጅ ይቅርታ ጠይቀነዋል። ያንን አፍጥጦ የተቀመጠውንም ሌሊት ምን ሲሠራ እንደሚያድር ጠየቅነው። የአባቱን የበቆሎ ማሳ ከከርከሮና ከጃርት ሲጠብቅ ነው አሉ የሚያድረው።