ልብ ወለድ ታሪክን ስለ ማንበብ

ታሪክ ማለት በእውነት የሆነውን ነገር ከዘመኑና ከአገሩ ጋራ መናገር ነው። ልብ ወለድ ማለት ግን ያልሆነውን ነገር ሰው በልቡ ፀንሶ፥ እንደ ሆነ አድርጎ መተረክ ነው። እነዚህ ሁለት ስሞች በአንድ መጽሐፍ ራስ ላይ አብረው የታዩት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የዘጌው ተወላጅ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በሮማ ከተማ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ያሳተሙት ትንሽ መጽሐፍ ነው። አንባቢዎች በኋላ በባለታሪኳ ልጅ ስም «ጦቢያ» እያሉ ጠሩት። በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ልብ ወለድ እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ ለእንዲህ ያለ ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

በመጽሐፉ ውስጥ ክርስቲያኖችና አረማውያን ይዋጋሉ። የክርስቲያኖቹ የጦር አለቃ ድል ሆኖ ይማረካል፤ አንድ የማያውቀው ደግ ነጋዴ ግን አዝኖለት ዋጋውን ከፍሎ ነጻ ያወጣዋል። አለቃው ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ልጁ ዋሕድ ያን ነጋዴ ፈልጎ ወሮታውን ሊመልስ ይወጣል፤ ነገር ግን በመንገድ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። ያን ጊዜ አባቱና እኅቱ ጦቢያ ፍለጋውን ይጀምራሉ። ጦቢያም በመንገድ ክፉ እንዳያገኛት የወንድ ልብስ ለብሳ ትሄዳለች። ከብዙ መከራ በኋላ የአረማውያኑ ንጉሥ ጦቢያን ያገባል፤ ዋሕድም የንጉሡን ዘመድ ያገባል፤ ንጉሡና ሕዝቡም ክርስቲያኖች ይሆናሉ።

ፍቅር ያለበት መጽሐፍ ሁሉ ልጆችን ያበላሻል የሚሉ ሰዎች አሉ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ይህን መጽሐፍ ቢያነቡ ኖሮ፥ በውስጡ ያለው ፍቅር አስቀድሞ የአባትና የልጅ፥ የወንድምና የእኅት፥ የተደረገለትን የማይረሳ ሰው ፍቅር እንደ ሆነ ባዩ ነበር። የሠርጉ ነገር የመጣው በመጨረሻ ነው።

ይሁን እንጂ ልጅ ሲያነብ መፍረድም ይገባዋል። «ይህ ጦርነት በስንት ዓመተ ምሕረት ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም፤ ደራሲው ዓመቱን አልጻፉምና። ሰው በጦርነትና በመንገድ እየተያዘ ይሸጥ የነበረ መሆኑ ግን እውነት ነው፤ በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። የመጽሐፉ መጨረሻ እጅግ ጣፋጭ ነው፤ ምናልባትም ከመጠን በላይ ጣፋጭ ነው፤ በአንድ ሠርግ ምክንያት የአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ ሃይማኖቱን ሲለውጥ በእውነተኛው ታሪክ እንዲህ በቀላሉ አይገኝምና። ቢሆንም በስሙ ተጠርቶ በሐሰት የሚከሰስ ሙት በውስጡ ስለሌለ፥ ጣፋጩ ማንንም አይጐዳም።

እኒሁ ደራሲ በ1901 ዓ.ም. ደግሞ «ዳግማዊ ምኒልክ» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። ይህ ልብ ወለድ አይደለም፤ የታወቁ ነገሥታት በስማቸው ተጠርተውበታል። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በሚለው ጽሑፋቸው፥ አፈ ወርቅ በታሪኩ ውስጥ አድልዎ አድርገዋል ብለው ነቀፉአቸው። የገብረ ሕይወትም ጽሑፍ የታተመው አስመራ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ማተሚያ ቤት ነው። እንግዲህ ታሪክ ተብሎ የተጻፈውም ቢሆን ሳይመረመር አይታመንም።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሁለቱ የተደባለቁበት መጽሐፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተሙ። ዐፄ ቴዎድሮስ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ እንደ ሞቱ ታሪክ ይመሰክራል። ብቻቸውን በሆኑበት ሌሊት በልባቸው ያሰቡትን ግን ማንም አልሰማም፤ ይህን የመሰለውን ነገር ደራሲ ከገዛ ልቡ ያመጣዋል። ይህ የደራሲ መብት ነው። አንባቢው ግን የቱ ከታሪክ፥ የቱ ከልብ እንደ መጣ ካልለየ በራሱም በሌላውም ላይ ጉዳት ያመጣል። በእንጦጦ ማርያም አጠገብ ይኖር የነበረው ልጅ ያገኘው ነገር እንዲህ ነው።

ይህ ልጅ ከአያቱ ጋራ የሚኖር፥ ንባብ የሚወድ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን የፍቅር ታሪክ ያለበት መጽሐፍ ተውሶ አነበበ። መጽሐፉ ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ስለ ጫኑበት ቀን ይናገራል። በዚያ ቀን ንጉሡና እቴጌ ጣይቱ በአንድ ሰዓት ዘውድ ሲጭኑ፥ አንዲት የቤተ መንግሥት ልጅና አንድ ወታደር ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቃል ኪዳን ይገባባሉ። አንድ መኰንን ግን በቅናት ተነሥቶ ወታደሩን በሐሰት ይከስሰዋል፤ ወታደሩም ከአገር ይባረራል። ልጁ ይህን ሲያነብ እንባው በገጹ ላይ እስኪንጠባጠብ ድረስ አለቀሰ።

የዚያ መኰንን ስም ግን ከአንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛው ቅድመ አያት ስም ጋራ አንድ ነበረ። ልጁም በማግሥቱ በመንገድ ላይ በልጆች ሁሉ ፊት፥ «የአንቺ ቅድመ አያት በሐሰት ምሎ ሁለት ፍቅረኞችን የለየ ክፉ ሰው ነው» አላት። እርስዋም፥ «አባቴ እንዲህ ብሎ ነግሮኝ አያውቅም» ብላ እያለቀሰች ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልጆቹ ተለይታ በሌላ መንገድ ብቻዋን ትሄድ ጀመር።

በአንድ ማታ ልጁ ያን መጽሐፍ ለአያቱ ያነብላቸው ነበር። አያቱ በወጣትነታቸው ከእንጦጦ ወደ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት በጀርባቸው እያወረዱ ይሸጡ የነበሩ ሴት ናቸው። ልጁ ከባሕር ዛፉ ጥላ በደረሰ ጊዜ ሣቁ።

«እማማ፥ ምን ያሥቅዎታል?»

«የኔ ልጅ፥ ይህን የጻፈው ሰው እንጨት ተሸክሞ አያውቅም። ባሕር ዛፉ ያን ጊዜ ከየት መጣና? አያቴ ስትነግረኝ ነገሥታቱ በዚህ ሲቀመጡ የነበረው ጥድና ወይራ ነው፤ እርሱም እየተቈረጠ አልቆ ሰው ማገዶ ሊያገኝ ሩቅ ይሄድ ነበር።»

ልጁ በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ መጽሐፉን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄደና መሪጌታውን አገኛቸው። መሪጌታውም መጽሐፉን ተቀብለው ጥቂት ካነበቡ በኋላ እንዲህ አሉት።

«ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ የጫኑት በዚህ ቤተ ክርስቲያን፥ በጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፥ በዕለተ እሑድ ነው፤ የቀቧቸውም አቡነ ማቴዎስ ናቸው። እቴጌይቱ ዘውድ የጫኑት ግን ከሁለት ቀን በኋላ፥ በጥቅምት 27 ነው። በአንድ ሰዓት አይደለም። ባሕር ዛፍ ደግሞ አገሩ አውስትራልያ ነው፤ ከባሕር ማዶ ስለ መጣ እንዲህ ተባለ። ወደዚህ የገባው በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ አያትህ እውነት ተናግረዋል።»

ልጁም ተቈጥቶ፥ «እንግዲያውስ ይህ መጽሐፍ ሁሉ ሐሰት ነው፤ ሄጄ አቃጥለዋለሁ» አለ።

«ንጉሡ በዚህ ነገሡ ያለው ሐሰት ነውን?»

«አይደለም፥ የኔታ።»

«ወታደሩ ሲሄድ ልጅቱ ስታለቅስ አንተም አልቅሰሃል መሰለኝ፤ ገጹ ረጥቦ ደርቋል። ሰው ከሚወደው ሲለይ ማልቀሱ ሐሰት ነውን?»

ልጁ ዝም አለ። መሪጌታው መጽሐፉን ዘግተው መለሱለትና፥ «የማታቃጥለው ስለዚህ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዛፉን የሳተ ሰው፥ የዘውዱን ቀን የሳተ ሰው፥ መኰንኑን እንዳልሳተ በምን አወቅህ? የዚያ ስም ባለቤት የሆኑ ሰዎች በዚያ ዘመን ስንት ነበሩ?» አሉት።

ልጁ ወደ መሬት ተመለከተ። ስለ ጓደኛው ለመሪጌታው ምንም አልነገራቸው ነበር፤ አሁን ግን ያደረገውን ሁሉ ነገራቸው። መሪጌታውም፥ «ያ መኰንን ዛሬ ተነሥቶ አልዋሸሁም ሊልህ አይችልም። ዳኛ ፊት ብትቆም ይህን መጽሐፍ ምስክር አድርገህ ልትጠራ ትችላለህን?» አሉት።

«አልችልም።»

«በመንገድ ላይ ግን ጠርተኸዋል» አሉት፤ ከዚያም ወደ ማሕሌቱ ገቡ።

ልጁ ወደ ቤቱ ተመልሶ መጽሐፉን እንደ ገና ከመጀመሪያው አነበበ። በዚህ ጊዜ እርሳስ ይዞ ነበር፤ የመጽሐፉ ባለቤት ሌላ ስለ ሆነ ግን በገጹ ላይ አልጻፈም። መሪጌታው የነገሩትን ዓመትና ቀን በወረቀት ላይ ጻፈ፤ ሊጠይቃቸው የሚገባውንም በሌላ ወረቀት ጻፈ። የመኰንኑ ስም በዚህ በሁለተኛው ወረቀት ላይ ገባ። የሚያስደንቀው ግን በሁለተኛው ንባብም ወታደሩ ከተባረረበት ገጽ ሲደርስ እንባ መጣበት።

በማግሥቱ ማለዳ ልጅቱ ወደምትሄድበት ወደ ሌላው መንገድ ሄዶ ጠበቃት። በመጣችም ጊዜ፥ «ስለ ቅድመ አያትሽ የተናገርሁት ሐሰት ነው፤ መጽሐፉ ስለ እርሱ አይናገርም፤ እኔ ስሙን ብቻ አይቼ ነው» አላት። ይህንም ቀደም ብሎ በሰሙት በልጆቹ ሁሉ ፊት እንደሚደግመው ነገራት። በዕረፍት ጊዜም በልጆቹ ፊት ደገመው።

ልጅቱ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን በብብቱ የያዘውን መጽሐፍ እያየች፥ «ወታደሩስ ተመልሶ ያገኛታልን?» ብላ ጠየቀችው።