ንብ ስለምትቀምሰውና ስለማትቀምሰው፤ መርዝ ለሚያስረጩ ሹማምንት የቀረበ ትምህርት

የዕንጦጦን ተራራ የሸፈነው ነጭ ባሕር ዛፍ ዘሩ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት ግድም፥ ከውጭ አገር የመጣ ነው። የታሰበው ለማገዶና ለቤት ሥራ ነበር፤ ንብ ግን አበባውን አገኘችው። በመስከረም ከአደይ አበባ፥ ወቅቱ ሲደርስም ከባሕር ዛፉ ትቀስማለች። በዚሁ ጉዞዋ ከዕንጦጦ ወደ የካ ስትወርድ በወንዝ ዳር ያለ የጎመን ወይም የባቄላ ማሳ ታገኛለች፤ ማሳውም መርዝ የተረጨበት ሊሆን ይችላል። ባለቀፎው ንብ ብልኅ ናት፥ ክፉውን ቀምሳ ትተወዋለች ብሎ ያምናል፤ መርዝ አስረጪውም በዚሁ ይጽናናል። በሁለቱ መካከል የሚዳኝ ሹም ይህ አሳብ እውነት መሆን አለመሆኑን መርምሮ ማወቅ ይገባዋል።

ንብ የምትቀምሰው በአፍዋ ብቻ አይደለም። በምላስዋ፥ በእግርዋ ጫፍና ከራስዋ ላይ በወጡት ሁለት መዳሰሻዎች ጥቃቅን ጠጕሮች አሉ፤ የጠጕሩ ጫፍ ቀዳዳ ስለሆነ ፈሳሹ በዚያ ገብቶ በውስጥ ያለውን የስሜት ጅማት ይነካል። ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ይህን የሚመረምሩባቸው ኬሚካሎች እንግዳ አይደሉም፤ ስኳር፥ የገበታ ጨው፥ በቡና ውስጥ ያለው ካፌይንና ለወባ መድኃኒትነት የታወቀው ኩዊኒን ናቸው። (ሕዝቡ ማንኛውንም እንክብል መድኃኒት ኪኒን የሚለው ከዚሁ ስም ወስዶ ነው።) ንቢቱን ራስዋ ብቻ እንዲታይ አድርገው በቀጭን ቱቦ ያስሯታል፤ በስኳር ውሃ የራሰ ስንጥር መዳሰሻዋን ሲነካት ምላስዋን ትዘረጋለች። ስኳሩን በውሃ እያቀጠኑ ሲሄዱ ምላስዋን የማትዘረጋበት መጠን ይገኛል፤ ኩዊኒን ሲጨምሩበትም የምትታገሠው የመራራ መጠን ይታወቃል።

ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1934 (ይህና ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ስለ ንብ ጣዕም ሰፊ ጥናት አሳተመ። ለሰው እጅግ የሚጣፍጠው ሳካሪን ለንብ ጣፋጭ አይደለም፤ ኩዊኒንንም ንብ ከሰው ይልቅ ትችለዋለች። ይባስ ብሎ፥ ከስኳር የሚሠራውና ለሰው እንደ ሐሞት የሚመረው ኦክቶሳን የተባለው ቅመም ለንብ መራራነቱ አይታወቃትም። ስለዚህ ለንብ ቀለብ ከቀረጥ ነጻ የሚሰጥ ስኳር ወደ ሰው ማእድ እንዳይገባ ይህ ቅመም ይቀላቀልበት ዘንድ ፎን ፍሪሽ አመለከተ። የቀረጥ ሹማምንት ሊያደንቁት የሚገባ ብልኀት ነው፤ ለባለቀፎው ግን አስደንጋጭ ነገር አለበት፤ ለሰው የመረረ ሁሉ ለንብ አይመርምና።

በ2006 የንብ የዘር ጽሕፈት በተነበበ ጊዜ ጣዕም የሚለዩ 10 ተቀባዮች ብቻ ተቈጠሩላት፤ የፍራፍሬ ዝንብ 68፥ የወባ ትንኝ 76 አላቸው። አበባ ንብን ይጠራታል እንጂ አያባርራትም፤ ስለዚህ መርዝን የመለየት ችግር አልገጠማትም ብለው ሊቃውንቱ ገመቱ።

ጉዳዩን የቈረጠው የ2015 ምርመራ ነው። ከ1955 ጀምሮ የታወቀ ዘዴ አለ፤ የስኳር ወይም የጨው ውሃ የሞላበት ቀጭን የመስታወት ቱቦ በጠጕሩ ጫፍ ላይ ይደረግና ከጅማቱ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ይቈጠራል። በእንግሊዝ አገር የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ ኢሚዳክሎፕሪድ፥ ቲያሜቶክሳምና ክሎቲያኒዲን የተባሉትን የተባይ መርዞች በስኳር ውሃ ቢፈትኑ ጅማቱ ለስኳሩ እንጂ ለመርዙ አልመለሰም። ንጹሑና የተመረዘው ጎን ለጎን ሲቀርብላትም ንቢቱ አልሸሸችም፤ እንዲያውም የፊተኞቹ ሁለቱ ያሉበትን አብዝታ ጠጣች። መርዞቹ እንደ ትንባሆ ኒኮቲን በአንጎል ላይ የሚሠሩ ናቸውና ያሳባት ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የአውሮፓ ኅብረት ሦስቱም በሜዳ ሰብል ላይ እንዳይውሉ በ2018 ከለከለ።

እንግዲህ በባቄላ ላይ ክሽክሽ ወጥቶ ማስረጨት ግድ ቢሆን፥ ጥንቃቄው ለንቢቱ ምላስ የሚተው ሳይሆን የሹሙ ሥራ ነው። ባቄላው አብቦ ሳለ አይረጭ። ሌላው ሰብል የሚረጨው ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፥ ወደ ማታ ይሁን፤ ባለቀፎዎች ሁሉ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይነገራቸው። የመርጫውን ዕቃ ከወንዝ አፍ ማጠብ መከልከል አለበት፤ ንብ ከዚያ ውሃ ትቀዳለችና።

የማታው ሥርዓት የሚጠቅመው ግን ከላይ ለሚቀር መርዝ ነው። ኢሚዳክሎፕሪድንና ወገኖቹን ተክሉ ወደ ውስጡ ይስባቸዋል፤ ዘሩ በእነርሱ ታሽቶ ቢዘራ እንኳ እስከ አበባው ጣፋጭ ውሃ ይደርሳሉ፤ ንቢቱም ከብዙ ቀን በኋላ ትጠጣቸዋለች። ስለዚህ ሹሙ የመርዙ ዕቃ ለገበሬ ከመታደሉ በፊት በላዩ የተጻፈውን ስም ያስነብብ፤ ከእነዚህ ወገን ሆኖ ቢገኝ ንብ ለሚጎበኘው ሰብል አይፍቀድ።