ለፈተና ሰሞን፦ አእምሯችንን የሚጠብቁ የዘወትር ልማዶች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ፈተና ሲቃረብ በየዶርሙ የምናየው ነገር ተመሳሳይ ነው። መብራቱ እስከ ሱብሒ አይጠፋም፤ ቡናው ይደጋገማል፤ አንዳንዱ ክፍል ጫት ይገባል፤ ከጀመዓ የማይቀረው ወንድም ሰሞኑን አይታይም። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ፣ ከመርዓዊና ከዙሪያው ገጠር ለመጣነው ደግሞ በትምህርቱ ጭንቀት ላይ የክልላችን ግጭት ያመጣው ሐሳብ ተደርቧል። መንገድ ሲዘጋ ወይም ስልክ እምቢ ሲል የቤተሰብ ነገር እንቅልፍ ይነሳል።

በዚህ መሐል «ኢማንህ ቢጠነክር አትጨነቅም ነበር» የሚል ምክር ይሰማል። ተናጋሪው ክፉ አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ግን የተጨነቀውን ሰው ዝም ያሰኘዋል። የቀደሙት ዑለማዎቻችን እንዲህ አላዩትም። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፈው የበልኹ ሰው አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተባለው መጽሐፉ የመጀመሪያውን ክፍል ለአካል ጤና፣ ሁለተኛውን ለነፍስ ጤና ሰጥቷል። ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ ሐዘንንና ወስዋስን ለየብቻ ተንትኖ ለእያንዳንዳቸው መፍትሔ ጽፏል። ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ልቡ በተረጋጋ ጊዜም ለጭንቀት ቀን የሚሆኑ መልካም ሐሳቦችን እንዲያከማች መክሯል። ጥንቃቄው ከጭንቀቱ በፊት ይጀምራል ማለት ነው። ታዲያ በየቀኑ ልናደርገው የምንችለው ምንድን ነው? ዘመናዊው ጥናትስ ስለነዚህ ልማዶች ምን አገኘ?

1. እንቅልፍ

እንቅልፍ ስናጣ ብስጩ እንደምንሆን ሁላችንም እናውቃለን። ተመራማሪዎች ግን ሌላም ጥያቄ አነሡ፦ እንቅልፍን ብናሻሽል ጭንቀቱና ድብርቱ ይቀንሳል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በ8,608 ሰዎች ላይ የተደረጉ 65 ሙከራዎችን አንድ ላይ መረመረ። እንቅልፋቸው የተሻሻለ ሰዎች ድብርታቸውም ጭንቀታቸውም ቀነሰ፤ እንቅልፉ በተሻሻለ መጠን ለውጡም ጨመረ።

ለተማሪ ደግሞ ሌላ ቁም ነገር አለው። ቀን ያነበብነውን አእምሯችን የሚያደላድለው ስንተኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ አንብቦ ሳይተኛ ፈተና የሚገባ ሰው የሰበሰበውን እህል ጎተራ ሳያስገባ ሜዳ ላይ እንደተወ ገበሬ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዒሻ በኋላ ወሬ ማብዛትን ይጠሉ እንደነበር በሐዲስ ተላልፏል። ዒሻን ሰግዶ መተኛት፣ ከሱብሒ በፊት ተነሥቶ ማንበብ፣ ቀን አጠር ያለች ቀይሉላ መውሰድ፦ ይህ ሥርዓት ለአእምሮም ይስማማል።

2. ቡናና ጫት

ቡና የሀገራችን ሀብት ነው፤ ጥያቄው ሰዓቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን (በርካታ ሲኒ ቡና ማለት ነው) እንቅልፍን ከ1 ሰዓት በላይ ቀንሷል። ስለዚህ ከዐሥር ሶላት በኋላ የሚጠጣውን ቡና እንቀንስ።

ስለ ጫት በግልጽ እንነጋገር። እ.ኤ.አ. በ1999 አታላይ ዓለምና የሥራ ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ 10,468 አዋቂዎችን ቤት ለቤት ጠይቀው ውጤቱን አሳተሙ። ከተጠየቁት 74 በመቶው ሙስሊሞች ነበሩ፤ ግማሹ ሕዝብ በወቅቱ ይቅም ነበር። ከሚቅሙት 80 በመቶው የሰጡት ምክንያት «ለዱዓና ለሶላት ሐሳቤን እንድሰበስብ» የሚል ነው። በየቀኑ መቃምም ከከፍተኛ የትምህርት ደረጃ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ጉዳዩ እኛን፣ የተማርነውን፣ ይመለከታል ማለት ነው።

በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የተቀራረበ ነው። ለጊዜው ያነቃል፤ እንቅልፍን ይነሳል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ድብታና ብስጭት ይተካል። ያንን ለመሸሽ እንደገና ይቃማል። ሐሳብ ለመሰብሰብ ብለን የገባንበት ነገር ሱብሒን በጀመዓ ካስቀረን፣ ሒሳቡ ኪሳራ ነው። ለማቆም የሚታገል ወንድም ካለ አናሸማቅቀው፤ ከምሽቱ ጫት ይልቅ የምሽቱን ጥናት አብረነው እንያዝ።

3. እርምጃ

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ ሌላ ጥናት ከባድ ድብርት ያለባቸውን 156 ሰዎች በሦስት ከፈለ። አንደኛው ቡድን በሳምንት 3 ቀን የአካል እንቅስቃሴ አደረገ፤ ሁለተኛው የድብርት መድኃኒት ወሰደ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም። መድኃኒቱ ቶሎ ሠራ፤ ከ16 ሳምንት በኋላ ግን በሦስቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። (ማንም ግን መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጥ።) ገጠር ያደግን ልጆች ገበያና ትምህርት ቤት በእግራችን ተመላልሰናል። ካምፓስ ስንገባ ግን ከዶርም ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ካፌ ብቻ ሆነ። መስጂድ በእግር እንሂድ፤ መንገዱን ትንሽ እናርዝመው።

4. ጀመዓ

እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 308,849 ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ ተመለከተ። ከሰው ጋር ጠንካራ ዝምድና ያላቸው ሰዎች በጥናቱ ጊዜ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ከብቸኞቹ በ50 በመቶ በልጦ ተገኘ። ዚምባብዌ ውስጥ ደግሞ በሐራሬ ክሊኒኮች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀን ሰው የሚያዳምጡ እናቶች ሠለጠኑ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሙከራ 573 ሰዎችን ያካተተ ሲሆን፣ እናቶቹ ያነጋገሯቸው ሰዎች ከ6 ወር በኋላ ጭንቀታቸውና ድብርታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኝቷል።

እናቶቻችን በቡና ላይ የሚያደርጉትም ከዚህ ሩቅ አይደለም። እኛም በቀን አምስቴ የምንገናኝበት ሶፍ አለን። ሶፉ ላይ የጎደለውን ሰው እናስተውል። «ለምን ቀረህ?» ብለን ከመውቀስ በፊት «እንዴት ነህ? ቤተሰብስ?» እንበል፤ ከዚያ ዝም ብለን እንስማ።

5. ዚክር

ዚክር ልብን እንደሚያረጋጋ በሱረቱ ረዕድ ተምረናል፤ ዒባዳችን የላብራቶሪ ምስክር አይጠብቅም። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት በሌሎች እምነቶች የሚደጋገሙ ጸሎቶችን በ23 ሰዎች ላይ ሲመረምር፣ ድግግሞሹ ትንፋሽን በደቂቃ ወደ 6 ገደማ አዘግይቶ የልብ ምትን ሥርዓት አሻሽሏል። የእኛን ዚክር አልመረመረም፤ ቀስ ብሎ የሚባል ቃል በአካል ላይ የሚሠራውን ግን ያሳያል። ስለዚህ ከሶላት በኋላ ያለውን ተስቢሕ ጫማችንን እያነሣን አናጣድፈው፤ በእርጋታ፣ ትርጉሙን እያሰብን እንበለው።

ልማድ ብቻውን ሳይበቃ ሲቀር

እነዚህ ልማዶች ይጠብቁናል፤ ሕክምናን ግን አይተኩም። ሐዘኑ ወይም ጭንቀቱ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ምግብና እንቅልፍ ከከለከለ፣ ትምህርት ካስጣለ፣ ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ወይም በአቅራቢያችን ወዳለ ሆስፒታል እንሂድ። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ የመጣበትን ሰው ያንኑ ዕለት ይዘነው እንሂድ፤ ብቻውን አንተወው። ግመሉን ሳያስር ልተወከል ላለው ሰው የተሰጠውን መልስ ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪም ዘንድ መሄድ ግመልን ማሰር ነው፤ ዱዓውም አብሮት ይሄዳል።

ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንያዝ፦ ከዒሻ በኋላ ስልክን ማስቀመጥ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ፣ ከሶፍ የጠፋ አንድ ሰው ፈልጎ መጠየቅ። እህቶች በእህቶች ዶርም፣ ወንድሞች በወንድሞች ዶርም ዛሬውኑ እንጀምር።

አላህ የተጨነቀውን ያሳርፍልን፤ የታመመውን ይማርልን፤ ለሀገራችን ሰላም ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።