«ደህና ነኝ» ያለ ሁሉ ደህና ነው? የጭንቅላት ጉዳትና በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት

መግቢያ

የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ ነው። ሰፈራችን የከባድ መኪና መተላለፊያ ስለሆነ አደጋ ብርቅ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ማታ ጎረቤታችን የሆነ የአይሱዙ ረዳት ከጭነት ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ለጥቂት ጊዜ ራሱን ስቶ ነቃ፤ ውሃ ጠጣና «ደህና ነኝ» አለ። ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሰዉ ሁሉ «አንተ ተማሪው፣ ምን ይሻላል?» ሲለኝ «ይተኛና ይረፍ» አልኩ። ከሁለት ሰዓት በኋላ እናቱ ቢቀሰቅሱት አልነቃም።

ግፊቱ እንዴት ይጨምራል?

የአዋቂ ሰው ራስ ቅል አይለጠጥም። በውስጡ አንጎል 80 በመቶ ያህል፣ ደምና የአንጎል ፈሳሽ ደግሞ እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ያህል ቦታ ይይዛሉ። አንዱ ሲጨምር ሌላው መቀነስ አለበት። ይህንን አሌክሳንደር ሞንሮ እ.ኤ.አ. በ1783፣ ጆርጅ ኬሊ ደግሞ በ1824 አስረድተዋል። ደም ሲቋጠር መጀመሪያ ፈሳሹ ወደ አከርካሪ ይሸሻል፤ ደም መላሽ ሥሮችም ይጨመቃሉ። ጎረቤታችን ያወራን በዚችው ፋታ ነበር። ቦታው ካለቀ በኋላ ግን ትንሽ ደም እንኳ ግፊቱን ያንረዋል።

ጤናማው ግፊት ከ7 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ከ22 ካለፈ ሕክምና ያስፈልገዋል። ወደ አንጎል ደም የሚገፋው ኃይል አማካይ የደም ግፊት ሲቀነስ የራስ ቅል ግፊት ነው። አማካዩ 90፣ የራስ ቅሉ 15 ቢሆን 75 ይቀራል፤ የራስ ቅሉ ግፊት 40 ሲደርስ ግን 50 ብቻ! የደም ግፊት መጨመር፣ የልብ ምት መቀነስና የአተነፋፈስ መዛባት አብረው ከታዩ ጊዜው መሽቷል ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የግላስጎው መለኪያ ከ3 እስከ 15 ነጥብ አለው። አንዴ ለክቶ መተው ግን አይበቃም፤ እየደጋገሙ መለካት ነው። የሚብስ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መደንዘዝ ወይም የአንድ ዐይን ብሌን መስፋት ካለ ሲቲ ስካንና የነርቭ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ቶሎ መላክ ነው። እስከዚያው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ራስጌውን 30 ዲግሪ ከፍ ማድረግ፣ ኦክስጅን መስጠት፣ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ መጠበቅ። ስቴሮይድ ግን አይሰጥም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ክራሽ የተባለው ትልቅ ጥናት ሞትን እንደሚያበዛ አሳይቷል።

ማጠቃለያ

ጎረቤታችን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ተርፏል፤ ቀኝ እጁ ግን እንደ ድሮው አይታዘዝለትም። እናቱ «አንተ ምን ታውቅ ነበር ልጄ» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ አላውቅም ነበር። እናንተ ግን አሁን አውቃችኋል።