ሣር ማጨጃው መሐል ሜዳ ሲጠፋ፦ «ሞተር ይውረድ» ከመባሉ በፊት ሽቦው ይፈተሽ

ለሆቴል፣ ለመኖሪያ መንደር ወይም ለስፖርት ሜዳ የሚሆን ያገለገለ ሣር ማጨጃ የሚገዛም ሆነ የሚያሻሽጥ ሰው ይህን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። ማሽኑ ገዥው ፊት ይነሣል፤ አምስት ደቂቃ ይሠራል፤ ሒሳብ ይከፈላል። በማግስቱ መሐል ሜዳ ላይ ድርግም ብሎ ይጠፋል። «ሞተሩ ሞቷል» ተብሎ ዋጋው ይወድቃል፤ ወይም ባለቤቱ ለማያስፈልግ እድሳት ገንዘቡን ያፈሳል። ጥፋቱ ግን የአንዲት ቀጭን ሽቦ ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው የዛሬው ትምህርታችን በኤሌክትሪኩ ላይ ያተኮረው።

አጠፋፉን ያስተውሉ

ነዳጅ ያጠረው ሞተር እየተንገዳገደ፣ ኃይሉ እየቀነሰ ይጠፋል። ኤሌክትሪክ የተቋረጠበት ግን ቁልፉ እንደተዘጋ ሁሉ ወዲያው ጸጥ ይላል። ይህ የማይሻር ሕግ ባይሆንም ፍለጋው ከየት እንደሚጀመር ይጠቁማል። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ካርቡራተር ያለው ሞተር ነዳጅ ይበዛበታልና ካንዴላው ሊጠቁር ይችላል። ስለዚህ የጠቆረ ካንዴላ ብቻውን የኤሌክትሪክ ብልሽት ማስረጃ አይሆንም።

በእጅ የሚገፋው

ይህ ዓይነቱ ማሽን አብዛኛውን ጊዜ ባትሪ የለውም። በቮላኖው ላይ ያለው ማግኔት በቦቢናው አጠገብ ሲያልፍ ለካንዴላው ብልጭታ ይፈጠራል። ሞተሩ የሚጠፋው ከቦቢናው የሚወጣው ቀጭን የማጥፊያ ሽቦ ከማሽኑ የብረት አካል ጋር ሲገናኝ ነው። የዚህ ሽቦ ልባስ ተልጦ በንዝረት ብረት በነካ ቁጥር ሞተሩ ያለማንም ትእዛዝ ይጠፋል።

መካኒክዎ ሽቦውን ከቦቢናው ነቅሎ በብልጭታ መፈተሻ ይመልከት። ጠፍቶ የነበረው ብልጭታ ከተመለሰ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የማጥፊያው እንጂ የቦቢናው አይደለም። ይህ ለምርመራ ብቻ ነው፤ ሽቦው ተነቅሎ ማሽኑ ለሥራ አይሰማራም። በዚህ ሽቦ ላይ የባትሪ ኃይል መልቀቅም ደህናውን ቦቢና ያቃጥላል።

ሲሞቅ የሚጠፋ

ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ ግን የሚነሣ ማሽን ቦቢናው ሊጠረጠር ይገባል። ነገር ግን የነዳጅ ታንክ ክዳን መተንፈሻ ሲደፈንም ምልክቱ ተመሳሳይ ነው። ለመለየት ሞተሩ እንደጠፋ፣ ሳይቀዘቅዝ ብልጭታው ይታይ። ከሌለ ወደ ቦቢናውና ወደ ማጥፊያ ሽቦው ይኬዳል። ብልጭታው ካለ ክዳኑ ላላ ተደርጎ ይሞከር።

ተቀምጠው የሚነዱት

እዚህ የደህንነት ማብሪያ ማጥፊያዎች አሉ፤ ከመቀመጫው ሥር፣ ከፍሬኑ ፔዳልና ከቢላዋው ማስነሻ ጋር የተያያዙ ናቸው። ነጂው ተቀምጦ ሳለ ቢላዋው ሲገናኝ ወይም ማሽኑ ጉድጓድ ሲመታ ሞተሩ ድርግም የሚል ከሆነ በመጀመሪያ የመቀመጫው ማብሪያ ማጥፊያና ሶኬቱ ይፈተሹ። ዝገትና የላላ ሶኬት የተለመዱ ጥፋተኞች ናቸው።

በአንዳንዶቹ ካርቡራተር ሥር በ12 ቮልት የሚከፈት የነዳጅ መዝጊያ አለ። ኃይሉ ከተቋረጠ ነዳጁም ይቋረጣል። ባትሪው ሲያርፍ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ እየሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት በቴስተር ሊነበብ ይገባል። እየሠራ ሳለ ቁጥሩ ከ12.6 በታች እየወረደ ከሄደ ባትሪው እየተሞላ አይደለም።

ለገዥ፣ ለሻጭና ለደላላ

የአምስት ደቂቃ ሙከራ ለገዥው አይበቃም። ማሽኑ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሣር ላይ ይሥራ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ለቤት አገልግሎት የሚመረቱ የሚገፉ ማጨጃዎች እጀታው ሲለቀቅ ቢላዋቸው በ3 ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ሕግ ያስገድዳል። እጀታውን ለቀው ይቁጠሩ።

ከሁሉ በላይ የመቀመጫውን ሥር አጎንብሰው ይመልከቱ። ማብሪያ ማጥፊያው ተዘሎ ሽቦዎቹ በቀጥታ ከተያያዙ ማሽኑ አልተጠገነም፤ ሕመሙ ተሸፍኗል። ነጂው ቢወድቅ ቢላዋው መዞሩን አያቆምም። ይህን አይቶ ዝም ያለ ደላላ የሚያተርፈው የአንድ ቀን ኮሚሽን ሲሆን፣ አደጋ ቢደርስ ግን ስሙም አብሮ ይነሣል። ሻጩም ቢሆን ማብሪያ ማጥፊያውን ለውጦ ቢያቀርብ ለዋጋው መሟገቻ ያገኛል።

ማንኛውም ፍተሻ ከመጀመሩ በፊት ቁልፉ ይውጣ፣ የካንዴላው ኮፍያም ይነቀል። ብልጭታ በሚታይበት ጊዜ እጅና እግር ከቢላዋው ይራቁ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም እንዲሉ፣ የማሽንም በሽታ ሽያጩ ሳይፈጸም ቢታወቅ ለሁሉም ይበጃል።